የሐሞት ቧንቧ፣ የፎገራ ውሃና የመሐንዲሱ ድርሻ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)




ስለ ጉበትና ስለ ሐሞት የሚነገር ነገር ቦታው የሐኪሞች ጉባኤ እንጂ የመሐንዲሶች ስብሰባ አይደለም የሚል አስተያየት ቢኖር አያስደንቅም። ይሁን እንጂ ጉዳዩን ጠለቅ ብሎ ለመረመረ ሰው፣ የሐሞት መውረጃ በሽታ በመሠረቱ የፈሳሽ፣ የግፊትና የቧንቧ መዘጋት ጉዳይ ነው። ዛሬ ለዚህ በሽታ ዋነኛ ሕክምና የሆነው መሣሪያም ከመስታወት፣ ከብርሃን፣ ከኤሌክትሪክና ከረቂቅ የመካኒክ ሥራ የተገኘ ነው። መሣሪያው በደኅና ሲሠራ የሚድነው፣ ሲበላሽ ወይም በአግባቡ ሳይጸዳ ሲቀርም የሚጎዳው ያው በሽተኛ ነውና፣ ኃላፊነቱ የሐኪሙን ያህል የመሐንዲሱም ጭምር ነው።

ንግግሩ መነሻ ያደረገው የወረታን ከተማና በዙሪያዋ የተዘረጋውን የፎገራ ሜዳ ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። ከበሽታው መነሻዎች አንዱ በዚህ ሜዳ ላይ በግልጽ ይታያል፤ በበሽተኛውና በሕክምናው መካከል ያለው ርቀትም በዚሁ ስፍራ በኪሎ ሜትርና በሰዓት ሊለካ ይችላል።

ሜዳውና ውሃው

የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ በሆነ ከፍታ ላይ የሚገኝ ለጥ ያለ መሬት ነው። ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች ከጉና ተራራ አካባቢ እየተነሡ፣ ደለል ተሸክመው ሜዳውን አቋርጠው ወደ ሐይቁ ይገባሉ። በክረምት ወንዞቹ ከዳርቻቸው እየወጡ መሬቱን ያለብሱታል። እ.ኤ.አ. በ2006 የደረሰው ጎርፍ በፎገራና በሊቦ ከምከም ብዙ ሕዝብ ከቤት ንብረቱ ማፈናቀሉ አይዘነጋም።

ይሁንና ይኸው ውሃ ለአካባቢው በረከት ነው። በወተቷ ስሟ የተጠራው የፎገራ ላም የምትሰማራው በዚሁ ረግረግ ሣር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ረዳትነት በጅግናና በሻጋ የተሞከረው ሩዝም ዛሬ ሜዳውን ሸፍኖ፣ ወረታን የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ አድርጓታል። ሩዙ ከተሰበሰበ በኋላ ደግሞ ገበሬው በሞተር ፓምፕ ውሃ እየሳበ ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማል። በአጭሩ፣ የፎገራ ሰው ኑሮ ከውሃ ጋር የተሳሰረ ነው።

ችግሩ ይህ ውሃ ለአንድ ክፉ ጥገኛም የተመቸ መሆኑ ነው። ይኸውም በሳይንስ ስሙ ፋሲዮላ የሚባለው የጉበት ትል ነው። ቅጠል የሚመስለው ይህ ትል በከብትና በበግ ጉበት ውስጥ፣ በሐሞት ቧንቧዎቹ መካከል ይኖራል። ዕንቁላሉ ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ወርዶ ከእበት ጋር ይወጣል። ውሃ ሲያገኝ ይፈለፈላል፤ የተፈለፈለውም በረግረግ ወደሚኖሩ ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ይገባል። እዚያ ተራብቶ ይወጣና በውሃ ዳር ሣርና ቅጠል ላይ ተጣብቆ፣ ራሱን በሽፋን ከልሎ የሚበላውን ይጠብቃል። ላሟ ሣሩን ስትግጥ፣ ሰውም በዚያ ውሃ የታጠበ ጥሬ ቅጠል ሲበላ ወይም ውሃውን ሳያፈላ ሲጠጣ ትሉ ወደ አካል ይገባል። የአንጀትን ግድግዳ ሰርስሮ ወደ ጉበት ይዘልቃል፤ ሥጋውንም እየበላ ከሦስት እስከ አራት ወር በሚሆን ጊዜ ውስጥ ወደ ሐሞት ቧንቧ ይደርሳል። በሰው ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሊኖር እንደሚችል ይታወቃል። የቆላና የደጋ ዝርያዎች ሲኖሩት፣ አንደኛው ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር፣ ሌላው ደግሞ እስከ 7 ሴንቲሜትር የሚደርስ ርዝመት አለው።

የእንስሳት ሐኪሞች ይህን ትል ከጥንት ያውቁታል፤ በየቄራው ጉበት እየተመረመረ የሚጣለው በአብዛኛው በእርሱ ሰበብ ነው። በሰው ላይ ግን ለረጅም ጊዜ እንደ ብርቅ ነገር ሲታይ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት በጣና ሐይቅ ተፋሰስ በሚገኙ የትምህርት ቤት ሕፃናት ሰገራ ውስጥ የጉበት ትል ዕንቁላል መገኘቱን አረጋግጧል። የዓለም የጤና ድርጅትም ከ70 በሚበልጡ አገሮች ቢያንስ 2.4 ሚሊዮን ሰዎች በዚህ ትል እንደተያዙ ይገምታል። በመሆኑም የፎገራ ከብት በሽታ የፎገራ ሰው በሽታም መሆኑ አያጠራጥርም።

ከጉበት ትል ሌላ፣ በአገሪቱ በእጅጉ የተሠራጨው ወስፋትም ወደ ሐሞት ቧንቧ የመግባት ጠባይ አለው። ወስፋት በአንጀት ውስጥ ሲኖር ይቆይና፣ ያገኘውን ቀዳዳ ሁሉ የመፈተሽ ልማድ ስላለው በሐሞቱ መውጫ በር ሽቅብ ይገባል። በዚያው ሲሞትም ሬሳው ጠጠር የሚረጋበት እምብርት ይሆናል። በዚህ ላይ የሐሞት ጠጠር፣ የቧንቧው ጠባሳና የቆሽት ወይም የቧንቧው የራሱ ካንሰር ሲጨመሩ፣ የሐሞት መውረጃ በብዙ መንገድ ሊዘጋ እንደሚችል እንረዳለን።

ቧንቧውና ግፊቱ

ጉበት በየቀኑ ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር የሚደርስ ሐሞት ያመነጫል። ሐሞቱ በጉበት ውስጥ ካሉት እጅግ ቀጫጭን መስመሮች ተሰብስቦ፣ ወንዞች ወደ ጣና እንደሚወርዱ ሁሉ፣ ወደ አንድ ዋና ቧንቧ ይጠቃለላል። የዚህ ዋና ቧንቧ የውስጥ ስፋት በጤነኛ ሰው ከ6 እስከ 7 ሚሊሜትር አይበልጥም። መጨረሻው ላይ ከቆሽት ከሚመጣው ቧንቧ ጋር ተገናኝቶ፣ የጡት ጫፍ በምትመስል ትንሽ እብጠት በኩል ወደ ቀጭኑ አንጀት መነሻ ይፈስሳል። በዚህች በር ዙሪያ እንደ ከረጢት አፍ የሚኮማተርና የሚላላ ክብ ጡንቻ አለ።

ፈሳሽ በቀጭን ቧንቧ ውስጥ የሚጓዝበትን ሕግ ያገኙት ፑዋዜይ የተባሉት ፈረንሳዊ መሆናቸውን መሐንዲሶች ሁሉ ያስታውሳሉ። ብዙዎች የማያስታውሱት ግን ፑዋዜይ ሐኪም እንደነበሩና፣ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ያሳተሙት ይህ ሕግ የደምን ዝውውር ለመረዳት ካደረጉት ምርምር የተገኘ መሆኑን ነው። በሕጉ መሠረት፣ ግፊቱ ሳይለወጥ የቧንቧው ስፋት በግማሽ ቢቀንስ የሚፈሰው ፈሳሽ በግማሽ ሳይሆን ወደ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል። አንዲት ትንሽ ጠጠር ወይም የተጠቀለለ ትል በ6 ሚሊሜትር ቧንቧ ውስጥ ምን ያህል ጉዳት እንደምታደርስ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ፍሰቱ ሲቆም ጉበት ማመንጨቱን ወዲያው አያቆምም። በጤነኛ ሰው ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር የውሃ ዓምድ የሚሆነው የቧንቧ ግፊት ከፍ እያለ ይሄዳል፤ ከ20 እስከ 25 ሴንቲሜትር ሲያልፍም የታቆረው ሐሞት በያዘው ባክቴሪያ ተበክሎ ወደ ኋላ፣ ወደ ደም ሥር መመለስ ይጀምራል። ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርኮ እ.ኤ.አ. በ1877 የገለጿቸው ሦስቱ ምልክቶች፣ ማለትም በቀኝ የጎድን ሥር የሚሰማ ሕመም፣ ከብርድ ብርድ ማለት ጋር የሚመጣ ትኩሳትና የዐይን ቢጫ መሆን፣ ይህ መድረሱን ያስታውቃሉ። መድኃኒት ብቻውን እዚህ ላይ አይበቃም፤ የተዘጋው ካልተከፈተ በሽተኛው በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላልና።

በፎገራም ሆነ በሌላው የአማራ አገር የዐይን ቢጫ መሆን የወፍ በሽታ ይባላል። ብዙ ሰው ምክንያቱን ከሌሊት ወፍ ጋር ያያይዘዋል፤ መድኃኒቱንም ከአገር ባህል ሐኪም ዘንድ ይፈልጋል። ነገር ግን በአንድ ስም የሚጠሩት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ልብ ማለት ያስፈልጋል። አንደኛው ጉበቱ ራሱ በቫይረስ ወይም በሌላ ምክንያት ሲታመም የሚመጣ ቢጫነት ሲሆን፣ ከዚህ ዓይነቱ ብዙዎች በዕረፍት ይድናሉ። የዳኑትም ያዳናቸው ቅጠሉ ነው ብለው ይመሰክራሉ። ሁለተኛው ግን የቧንቧ መዘጋት የሚያመጣው ነው። በዚህኛው ሽንት እንደ ጠጅ ሳይሆን እንደ ጠላ ይጠቁራል፤ ሰገራ ነጣ ብሎ ጭቃ ይመስላል፤ ሰውነትም ያሳክካል። ይህን ቢጫነት ቅጠል አይከፍተውም። የመጀመሪያው የዳነበትን መንገድ ሁለተኛው ቢከተል ቀኑ ያልፍበታል።

ከመስታወት ጭረት እስከ ሐሞት በር

እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ድረስ የሐሞትን ቧንቧ ለማየትም ሆነ ለመክፈት ዋናው መንገድ ሆድን መቅደድ ነበር። ይህን የለወጠው ግኝት የተወለደው በሕክምና ቤት ሳይሆን በብርሃን ሳይንስ ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ሃሮልድ ሆፕኪንስና ናሪንደር ካፓኒ በለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ፣ በብዙ የመስታወት ጭረቶች የተሠራ ነዶ ሥዕልን ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላ ጫፍ እንደሚያሻግር አስታወቁ። ብርሃኑ በጭረቱ ውስጥ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየተንጸባረቀ፣ ጭረቱ ቢታጠፍም አብሮ ታጥፎ ይጓዛል።

ሆኖም ጭረቶቹ እርስ በርሳቸው ሲነካኩ ብርሃኑ ከአንዱ ወደ ሌላው እየሾለከ ሥዕሉ ይደበዝዝ ነበር። በአሜሪካ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ትውልዳቸው ደቡብ አፍሪካ የሆነው ሐኪሙ ባዚል ሂርሾዊትዝ፣ የፊዚክስ ምሁሩ ዊልበር ፒተርስና በዚያን ጊዜ ገና ተማሪ የነበሩት ሎውረንስ ከርቲስ በዚህ ላይ ሠሩ። ከርቲስ እ.ኤ.አ. በ1956 መጨረሻ እያንዳንዱን ጭረት ብርሃን የማጠፍ ኃይሉ ዝቅ ባለ ሌላ መስታወት መሸፈን እንደሚገባ በተግባር አሳዩ። ሂርሾዊትዝም በ1957 መጀመሪያ አዲሱን መሣሪያ ከበሽተኛ በፊት በራሳቸው ጉሮሮ አስገብተው ሞከሩት። ሐኪም፣ የፊዚክስ ምሁርና ተማሪ በአንድ ገበታ ቀርበው ያስገኙት ውጤት መሆኑን ማስተዋል ይገባል።

የሐሞቷ በር የምትገኘው በአንጀቱ የጎን ግድግዳ ላይ ስለሆነ፣ ፊት ለፊት ብቻ የሚያይ መሣሪያ ሊያገኛት አይችልም። ስለዚህ ወደ ጎን የሚያይ ኢንዶስኮፕ ተሠራ። እ.ኤ.አ. በ1968 ዊሊያም መኩን በዋሽንግተን በዚህ በር ቀጭን ቱቦ ማስገባት መቻላቸውን አስታወቁ፤ ወዲያውም የጃፓን ሐኪሞችና የጃፓን መሣሪያ ሠሪዎች ተባብረው መሣሪያውን አሻሻሉት። ኢ.አር.ሲ.ፒ. በሚል ምሕፃር የሚታወቀው ሕክምና መነሻው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 በጀርመን ክላሰንና ዴምሊንግ፣ በጃፓን ደግሞ ካዋይ፣ በየበኩላቸው የበሩን ጡንቻ በኤሌክትሪክ ሽቦ ሰንጥቀው ጠጠር ማውጣት ጀመሩ። በ1970ዎቹ መጨረሻም ሶኤሄንድራ በሃምቡርግ በጠበበው ቧንቧ ውስጥ ስቴንት የሚባለውን የፕላስቲክ ቱቦ ተከሉ። የማያው መሣሪያ በስድስት ዓመት ውስጥ የሚሠራ መሣሪያ ሆነ ማለት ነው።

አሠራሩ

ዛሬ ለመመርመር ብቻ ተብሎ ኢ.አር.ሲ.ፒ. አይደረግም። በመጀመሪያ አልትራሳውንድ ቧንቧው መስፋቱን ያሳያል፤ ካስፈለገም ኤም.አር.አይ. ያለ ምንም ቱቦ የቧንቧውን ሥዕል ያወጣል። በጉበት ትል የተጠረጠረ ሰው ሰገራውና ደሙ ይመረመራል። ወደ ቧንቧው የሚገባው የሚከፈት ነገር መኖሩ ከታወቀ በኋላ ነው።

በሽተኛው የሚያስተኛ መድኃኒት ይሰጠውና በራጅ መሣሪያ ሥር ይተኛል። ሐኪሙ 12 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያለውን ኢንዶስኮፕ በአፍ አስገብቶ፣ በጨጓራ አሳልፎ፣ ከሐሞቷ በር ፊት ለፊት ያቆመዋል። በመሣሪያው ውስጥ 4 ሚሊሜትር ገደማ ስፋት ያለው ጎድጓዳ መስመር አለ፤ በዚያ መስመር ቀጭን ቱቦና ውፍረቱ አንድ ሚሊሜትር የማይሞላ መሪ ሽቦ ይገባሉ። ከመሣሪያው ጫፍ የምትገኝ አንዲት ትንሽ ማንሻ ሽቦውን ወደ ላይ ቀና እያደረገች ወደ በሩ ታቀናዋለች። ሽቦው ቧንቧው ውስጥ ከገባ በኋላ አዮዲን ያለበት ፈሳሽ ይረጫል፤ በራጁም ላይ ቧንቧው እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ተዘርግቶ ይታያል። ጠጠር ክብ ጥላ፣ ወስፋት ረጅም መስመር፣ የጉበት ትልም ቅጠል መሰል ጥላ ሆነው ይገለጣሉ።

ከዚያም በሩ ይሰነጠቃል። ለዚህ የሚያገለግለው ኤሌክትሪክ በሰከንድ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ጊዜ የሚመላለስ ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለው በመሆኑ፣ ጡንቻንና ልብን ሳያናውጥ ሥጋን ይቆርጣል፤ ደምንም ያረጋል። ጠጠሩ በሽቦ ቅርጫት ይያዛል ወይም በሚነፋ ፊኛ ይጠረጋል። ትልም ቢሆን እንዲሁ ተይዞ ይወጣል፤ ከቱርክ፣ ከግብፅና ከሌሎችም አገሮች ሐኪሞች የጉበት ትልን ሕያው ሆኖ ከቧንቧ ስለማውጣታቸው ጽፈዋል። ትሉ ቢወጣም መድኃኒት ግድ ነው፤ ለጉበት ትል የሚሰጠው ትሪክላቤንዳዞል ሲሆን፣ ለወስፋት የተለመደው አልቤንዳዞል በቂ አይሆንም።

መሰናክሉ የማይወጣ ካንሰር ወይም ጠባሳ ከሆነ ስቴንት ይተከላል። የፑዋዜይ ሕግ እዚህም ይሠራል፤ ወፍራሙ ስቴንት ከቀጭኑ እጅግ የበለጠ ያስተላልፋል። ቢሆንም የፕላስቲኩ ስቴንት በሦስት ወር ገደማ ስለሚደፈን መለወጥ አለበት። የገባበት ቀን ተመዝግቦ የመለወጫው ቀን ካልተከተለ፣ መድኃኒቱ ራሱ አዲስ መዘጋት ይሆናል።

አደጋው ሳይነገር መቅረት የለበትም። ከሚታከሙት መካከል ከመቶ 4 እስከ 10 የሚሆኑት የቆሽት መቆጣት ያገኛቸዋል፤ ደም መፍሰስና የአንጀት መበሳትም አለ። ስለዚህ ይህ ሥራ ብዙ የሠራ እጅ ይፈልጋል። በየወረዳው ሊበተን የሚችል መሣሪያም አይደለም።

ትንሿ ማንሻ

መሐንዲስን ከሁሉ በላይ ሊያሳስበው የሚገባው ግን ቀደም ሲል የተጠቀሰችው ትንሽ ማንሻ ናት። ይህች ክፍል ከማጠፊያዋና ከሽቦዋ ጋር ብሩሽ በቀላሉ የማይደርስባቸው ጥቃቅን ስንጥቆች አሏት። እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2015 ባሉት ዓመታት በአሜሪካ በሲያትል፣ በሎስ አንጀለስና በሌሎችም ከተሞች፣ መድኃኒት የማይበግራቸው ባክቴሪያዎች በዚህ መሣሪያ አማካይነት ከበሽተኛ ወደ በሽተኛ ተላለፉ፤ ከታመሙትም የሞቱ ነበሩ። ሲመረመር፣ አንዳንዶቹ ሆስፒታሎች የአምራቹን የማጽጃ መመሪያ ሳያጓድሉ የፈጸሙ ሆነው ተገኙ። ስሕተቱ ከንድፉ ነበር። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2015 ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ በ2019ም ጫፋቸው ተነቅሎ የሚጣል መሣሪያዎች በቋሚዎቹ ምትክ እንዲገቡ መከረ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛ፣ በሀብታም አገር ሆስፒታል የተከሠተ ነገር ንጹሕ ውሃ በሚቆራረጥበት ስፍራ ይበልጥ ሊከሠት ይችላል። ሁለተኛ፣ ንድፍ አውጪው በወረቀት ላይ ያለፋት አንዲት ስንጥቅ በሌላ ዓለም ዳርቻ ሰው ትገድላለች።

ኢንዶስኮፕን ለማጽዳት የሚያስፈልገው ምንድን ነው? ከበሽተኛው እንደወጣ፣ ሳይደርቅ መታጠብ አለበት። አየር የሚያስወጣ ቀዳዳ እንደሌለው በግፊት ይፈተናል፤ ውስጡና ማንሻው በብሩሽ ይፋቃሉ። ባክቴሪያ የሚገድል ኬሚካል ውስጥ ለተወሰነ ጊዜ ይዘፈዘፋል፤ በተጣራ ውሃ ይለቀለቃል፤ በአልኮልና በአየር ደርቆ ተሰቅሎ ይቀመጣል። እርጥበት ከቀረ ባክቴሪያው በሌሊት ይራባል። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ውሃ የማይጠይቅ ደረጃ የለም ለማለት ይቻላል። እንግዲህ ኢ.አር.ሲ.ፒ. የሚጀምር ሆስፒታል መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው «ኢንዶስኮፑን ገዛችሁ ወይ?» ተብሎ ሳይሆን፣ «ውሃው በቀን ስንት ሰዓት ይመጣል?» ተብሎ ነው።

ከውሃው ቀጥሎ ኤሌክትሪኩ አለ። ሽቦው በበሽተኛው ቧንቧ ውስጥ ሳለ መብራት ቢጠፋ ሐኪሙ ዕውር ይሆናል፤ ጄኔሬተር እስኪነሣ ድረስም ደቂቃዎች ያልፋሉ። ስለዚህ በመካከሉ የሚሸከም የመጠባበቂያ ባትሪ፣ የሚወርድና የሚወጣ ቮልቴጅን የሚያስተካክል መሣሪያና አስተማማኝ የመሬት ሽቦ ግዴታ ናቸው። በመጨረሻም ጥገናው ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ከ16 ድሃ አገሮች በተሰበሰበ መረጃ፣ ከሕክምና መሣሪያዎቹ ከመቶ 40 ገደማ የሚሆኑት ከሥራ ውጭ እንደነበሩ አሳይቷል። ኢንዶስኮፕ ደግሞ በጥርስ ሲነከስ ወይም በካቢኔት መዝጊያ ሲቆነጠጥ ውሃ የሚያስገባ ስስ ዕቃ ነው። መለዋወጫውና ጠጋኙ ባሕር ማዶ ከሆኑ አንድ ቀዳዳ የወራት መቋረጥ ያስከትላል።

ከወረታ እስከ ሆስፒታሉ

እነሆ አንድ የፎገራ ገበሬ ዐይኑ ቢጫ ሆኖ፣ እየተንቀጠቀጠ ተነሣ እንበል። ወረታ የመንገድ መገናኛ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ጎንደር የሚወስደው አውራ ጎዳና ያልፍባታል፤ ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ የሚወስደውም ከእርሷ ይገነጠላል። ባሕር ዳር በ60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ትገኛለች፤ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተባት ጎንደርም ከዚያ እጥፍ ያህል ትርቃለች። በኢትዮጵያ ኢ.አር.ሲ.ፒ. ሥር የያዘው ግን በአዲስ አበባ ሲሆን፣ እርሷ ከወረታ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ቧንቧው የተዘጋበት ሰው ያለው ጊዜ በቀን ይቆጠራል፤ መንገዱ፣ ወረፋውና ገንዘብ መፈለጉ ግን ሳምንታትን ሊወስዱ ይችላሉ።

በመካከል ሐኪሞች የሚያደርጉት አለ። በሆድ ቀዶ ሕክምና ቧንቧውን ከፍተው ጠጠሩን ያወጣሉ፤ ወይም በቆዳ በኩል በመርፌ ገብተው የታቆረውን ሐሞት ያፈስሳሉ። እነዚህ ሕይወት ያተርፋሉና መናቅ የለባቸውም። ነገር ግን በትኩሳት የደከመን ሰው ሆድ መክፈትና በአፍ በገባ መሣሪያ በር መክፈት እኩል አይደሉም።

ከዚህ የሚከተለው መፍትሔ እንደ መስኖ ሥርዓት በደረጃ የሚደራጅ ነው። በታችኛው እርከን፣ እንደ ወረታ ባለ ከተማ፣ የሚሠራ አልትራሳውንድና ሁለቱን የወፍ በሽታዎች የሚለይ ባለሙያ ያስፈልጋል። በአልትራሳውንድ የሰፋ ቧንቧ የታየበት በሽተኛ በዚያው ዕለት መድኃኒት ተጀምሮለት ወደ ላይ ይላክ። በመካከለኛው እርከን፣ ለምሳሌ በባሕር ዳርና በጎንደር፣ በቂ ቁጥር ያለው በሽተኛ የሚሰበሰብባቸው ጥቂት ማዕከሎች ይደራጁ። ማዕከሎቹ ሲታቀዱ ከሐኪሙ ጋር መሐንዲሱ ከመጀመሪያው ቀን ይቀመጥ፤ የውሃ ማጣሪያው፣ የማጽጃ ክፍሉ፣ የራጁ መከለያ ግድግዳና የመጠባበቂያው ኤሌክትሪክ መሣሪያው ከመገዛቱ አስቀድሞ ይሠሩ። በግዢ ውሉ ውስጥም የመለዋወጫ፣ የሥልጠናና የጥገና ግዴታ ይጻፍ። ጅማንና አዲስ አበባን በመሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሠለጥኑት የባዮሜዲካል መሐንዲሶችም፣ የተሰበረ አልጋ ጠጋኝ ተደርገው ሳይታዩ፣ ይህን ሰንሰለት በኃላፊነት እንዲይዙ ይደረግ።

ይህ ሁሉ ቢሟላ እንኳ ሥራው ግማሽ ነው። አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንዳሉት፣ የትሉ ሥር ያለው በሆስፒታሉ ውስጥ ሳይሆን በሜዳው ላይ ነው። ከብት የሚጠጣበት ኩሬ ሰው ከሚጠጣበት ምንጭ ቢለይ፣ ምንጩ ቢታጠርና ቢገነባ፣ የመስኖ ቦዮች ውሃ እንዳያቁሩ ተዳፋታቸው ቢስተካከል፣ በየቤቱ መፀዳጃ ቢኖር፣ ቀንድ አውጣው መራቢያ፣ ትሉም መሸጋገሪያ ያጣል። መስኖ የሚነድፍ መሐንዲስ ከሄክታርና ከሊትር ሌላ ይህንንም በስሌቱ ካላስገባ፣ በአንድ እጁ የሰጠውን ሩዝና ሽንኩርት በሌላ እጁ በበሽታ ያስከፍላል። የመሐንዲሱና የእንስሳት ሐኪሙ፣ የግብርና ባለሙያውና የጤና ባለሙያው በአንድ ሜዳ ላይ ሳሉ በተለያየ ወረቀት መሥራታቸው ሊያበቃ ይገባል።

ፑዋዜይ ሐኪም ሆነው ለመሐንዲሶች ሕግ አተረፉ፤ የሚሺጋኑ ተማሪ የፊዚክስ ሰው ሆነው ለሐኪሞች ዐይን ሰጡ። የሐሞትን ቧንቧ ታሪክ ያራመደው ይህ ዓይነቱ የሙያ ድንበር መሻገር ነው። ወደፊትም በባሕር ዳር ወይም በጎንደር አንዱ ኢንዶስኮፕ በተሰቀለበት ክፍል ከቧንቧው የሚወርደው ውሃ ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ፣ በፎገራም አንድ ሕፃን ከከብት ኩሬ ሳይሆን ከተጠበቀ ምንጭ ሲጠጣ፣ የመሐንዲሱ ሥራ ሁለቱንም ጫፍ ጠብቋል ማለት ነው። ስለዚህ የማኅበሩ አባላት በየመሥሪያ ቤታቸው የሆስፒታል ሕንፃ ሲነድፉ የማጽጃ ክፍሉን ውሃ፣ መስኖ ሲቀይሱም የረግረጉን ቀንድ አውጣ እንዲያስታውሱ አደራ ይባላሉ።